በቀን ሦስት ጊዜ የሚጠረገው ስክሪን

ከጤና ቢሮ የተላከችው መርማሪ የቃጠሎ ሕሙማን ክፍል የገባችው ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ፣ ሁለት እጆቿን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ እንደከተተች ነው። በሩን በክርኗ ገፋችው። ወንበር ሲቀርብላት «ቆሜ ይሻለኛል» አለች። ሐኪሙ ለሰላምታ እጁን ሲዘረጋላት አንገቷን ብቻ ሰበር አድርጋ አለፈችው፤ እሱም የዘረጋውን እጅ የሚያደርግበት ቢያጣ ፀጉሩን አከከበት። ሌላ ቀን ቢሆን ነርሶቹ በሳቅ ይፈነዱ ነበር። ያን ዕለት ማንም ፈገግ አላለም።

አልጋ ቁጥር ሁለት ባዶ ነው። ፍራሹ ተነሥቶ ብረቱ ብቻ ቀርቷል። እዚያ ላይ ሦስት ሳምንት ተኝተው የነበሩት ጡረተኛ መምህር እግራቸውን የፈላ ውኃ አቃጥሏቸው የገቡ ሲሆኑ፣ ቁስላቸው ቆዳ እያወጣ፣ ሰኞ ቤታቸው ሊገቡ ቀን ተቆርጦላቸው ነበር። ዓርብ አተኮሳቸው። ቅዳሜ ደማቸው ተመረዘ። እሁድ ጠዋት አረፉ።

ማክሰኞ የላቦራቶሪው ወረቀት መጣ። በመምህሩ ደም ውስጥ የተገኘው ባክቴሪያ «ውኃና እርጥበት ባለበት የሚራባ» ዓይነት መሆኑን ይገልጻል፤ ያው ባክቴሪያ ነርሶቹ የሕመምተኛውን ነገር ሁሉ በሚመዘግቡበት ታብሌት ስክሪን ላይም ተገኝቷል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በክፍሉ ውስጥ ሰው የሰውን ፊት ማየት ትቶ እጅ እጁን ያይ ጀመር። የሆስፒታሉ ኃላፊም ነገሩ ሳይጣራ የጽዳት ሠራተኛዋን ከሥራ አገደና «እስከ ዓርብ ጥፋተኛው በስም ይነገረኝ» ብሎ ቁጭ አለ።

ሐሙስ ጠዋት ደግሞ አልጋ ሦስት ላይ የምትተኛው የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ትኩሳት ያዛት።

ሙቀቷን የለካችው ሚጢጢ ናት። ሚጢጢ የሚሏት ከክፍሉ ነርሶች ሁሉ በዕድሜም በቁመትም ስለምታንስ ነው። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ዘጠኝ ከሰባት ሲላት አላመነችም፤ ደግማ ለካች። ያው ነው። የአልጋውን ጫፍ ይዛ ቆመች። ልጅቷ ክንዷን ብቻ ነበር የተቃጠለችው፤ ትናንት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ እየሣለች ነበር።

የሚጢጢ ፍርሃት ከሌላው ሰው ፍርሃት ይለያል። እሷ ገዳዩን አውቃለሁ ብላ ታምናለች። ከወር በፊት በመታጠብ ብዛት የቀኝ እጇ ጣቶች ቆዳ ተሰነጣጥቆ ነበር። እጁ የቆሰለ ነርስ ወዲያው ማስታወቅና ከሕመምተኛ ቁስል መራቅ አለበት፤ ሥራ ስትጀምር ፈርማበታለች። ግን የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶት ነበርና ፈራች። ያሳየችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለክፍሉ አለቃ ለሲስተር።

ሲስተር ሠላሳ ዓመት ነርስ ሆነው የኖሩ ሴት ናቸው። ከኋላቸው «ሳሙና» ይሏቸዋል። አንድ ጊዜ የሆስፒታሉን ኃላፊ ራሱን «እጅህን ሳትታጠብ አትገባም» ብለው ከበር መልሰውታል። የአልጋ ሦስቷ ልጅ ግን ፊት ለፊት «ሲስተር ሳሙና» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ይስቃሉ። የሚጢጢን እጅ ባዩ ጊዜ አልተቆጧትም። መቀስ አወጡና ፕላስተር ቆረጡ፤ ጠርዙ ቶሎ እንዳይነሣ አራቱንም ጫፎች ክብ አድርገው አስተካከሉ። ጣቶቿ ላይ ለጠፉላትና «ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ፣ ልጄ። እኔ አለሁ» አሏት። ሚጢጢ ያን ቀን ሽንት ቤት ገብታ አልቅሳለች፤ በሰው አገር እናት ያገኘች ያህል ነበር የተሰማት።

አሁን እንቅልፍ አጥታለች። መምህሩን በእጇ አክማለች። ልጅቷንም በእጇ አክማለች።

መርማሪዋን በየሆስፒታሉ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። በመጀመሪያ ኮሪደር ላይ የደንብ ልብሷን በፌስታል ይዛ የተቀመጠችውን የጽዳት ሠራተኛ አነጋገረች። ሚጢጢ መዝገብ እንድታቀርብ ታዝዛ ስለነበር አጠገባቸው ቆማለች።

«እናቴ፣ ስክሪኑን እርስዎ ይጠርጉታል?»

«እኔ? አልነካትም! ወለልና ግድግዳ የእኔ፣ መስኮትም የእኔ። ስክሪን ግን የነርስ ነው። ሲስተር ከልክለውኛል።»

«ለምን?»

«ትቧጭሪያታለሽ ብለው ነዋ። እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩዋት።» ሴትዮዋ ፌስታሉን ጭብጥ አደረገች። «ልጆቼ ሥራ የሄድኩ መስሏቸዋል። ከማክሰኞ ጀምሮ እየመጣሁ እዚህ እቀመጣለሁ። የሰው ነፍስ በእጄ ጠፍቶ ከሆነ ግን እንዲሁ ንገሪኝ፤ አታባብዪኝ።»

መርማሪዋ ሐኪሙን ጠራችው።

«ፋሻ ሲቀየር ስክሪኑን እንዴት ነው የሚነኩት?»

«በጓንት።»

«ከነኩት በኋላ ጓንት ይቀይራሉ?»

«እዚህ ክፍል አያስፈልግም» አለ ሐኪሙ፣ ትንሽ ኮራ ብሎ። «በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሥራ ልንጀምር ስንል በአልኮል ይጠረጋል። ከመጠረጉ ፎቶ እናነሳበታለን፣ እንመዘግብበታለን፣ ወደ ቁስሉ እንመለሳለን። ሌላው ክፍል ነው ጓንት ሲቀያይር የሚውለው። የእነሱን ስክሪን ማን ያምነዋል? አይተውታል? ጭጋግ የለበሰ መስኮት ነው እኮ!»

«የዚህስ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሁለት ሊሞላው ነው። ሁሉም የመጡት በአንድ ቀን ነው።»

መርማሪዋ ታብሌቱን ጎንበስ ብላ አየችው። ገና ዛሬ ከካርቶኑ የወጣ ይመስላል። «ለምን እንዲህ ያበራል?» አለች ለራሷ።

ሐኪሙ ሊሄድ ሲል ተመለሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ… ኳስ ውጤት በስልኬ አያለሁ። እዚህ ክፍል ውስጥም። እጄን የምታጠብ ይመስለኛል፤ ግን ሁልጊዜ መታጠቤን ልምል አልችልም።» ፊቱ አመድ መስሏል።

የመምህሩ ልጅ ደግሞ ሳይጠየቅ ነው የገባው። ማክሰኞ ዕለት በጽዳት ሠራተኛዋ ላይ የጮኸው እሱ ነበር። «የልጅ ልጆቹን በቪዲዮ እንዲያይ ታብሌቱን እኔ ነኝ የምይዝለት» አለ። «ከአውቶብስ ወርጄ በቀጥታ ነበር የምመጣው። እጄን ታጥቤ ይሁን አልታጠብኩ… እኔ ነኝ አይደል? በሴትዮዋ ላይ የጮህኩት ‹አንተ ነህ› እንዳይሉኝ ነው።»

ሚጢጢ ይህን ስትሰማ ልቧ ተሰበረ። የሁሉንም ሰው ሆድ አንድ ዓይነት ጥያቄ እየበላው ነበርና «ተዉ፣ እኔ ነኝ» ብላ ብትጮኽ ሁሉም ይገላገል ነበር። ግን መዝገቡን አቅፋ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች።

ሲስተር በተራቸው ሲጠየቁ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ይቺን ስክሪን የምሳሳላት ወድጄ አይደለም» አሉ። «የፊተኛዋ ስክሪን ጭጋግ ለብሳ አንዷ ነርስ አንዱን ሰባት ብላ አነበበችው። ሰባት እጥፍ መድኃኒት! ሰውየው በተአምር ነው የተረፈው። ያን ቀን ከእንግዲህ በእኔ ክፍል ቁጥር የማይነበብበት ስክሪን አይኖርም ብዬ ማልኩ።»

«ማን ነው የሚጠርገው?»

«ተረኛ ነርስ። በማን ተራ ማን እንደጠረገ ተጽፏል። የማንም እጅ ይመርመር፣ ሲስተር ፈቅደዋል ይበሉ።» ይህን ብለው ሚጢጢን ሳያዩ አለፉ። ሚጢጢ «እኔን ላለማሳጣት ነው የማያዩኝ» ብላ አሰበች።

መርማሪዋ ያን ጊዜ እጆቿን ከኪሷ አወጣች። ጓንት አጠለቀች፤ ባክቴሪያ የሚበቅልባቸው ጠፍጣፋ የላቦራቶሪ ሳህኖች ከቦርሳዋ አውጥታ ደረደረችና አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ተጫነቻቸው፤ መሃሉን፣ አራቱን ማዕዘኖች፣ ጀርባውን ጭምር። ሲበቃት ወደ ሚጢጢ ዞረች።

«በይ እንደ ሁልጊዜው ጥረጊው።»

ሚጢጢ «አልኮል» ተብሎ የተጻፈበትን ጠርሙስ ከመንጠቆው አወረደች፣ ጨርቁን አራሰች፣ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር አሸችው።

«እስኪደርቅ ስንት ትቆጥሪያለሽ?»

«ስልሳ… አንዳንዴ ከዚያም ያልፋል።»

መርማሪዋ ሌሎች አዲስ ሳህኖች በዚያው ቦታ ተጫነች። ከዚያ ታብሌቱን፣ ጠርሙሱን፣ ጨርቁን፣ የግድግዳውን የእጅ አልኮል ጄል፣ ሳሙናውን፣ የጓንቱን ሳጥን፣ ብቻ እጅ የሚደርስበትን ዕቃ ሁሉ በአንድ ካርቶን አስጫነች። «እስከ ነገ በወረቀት ትመዘግባላችሁ። ጓንት በየደቂቃው ይቀየራል» ብላ ወጣች። ሲስተር ካርቶኑን ተከትለው እስከ ደረጃው ድረስ ሸኙ።

ሚጢጢ ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈችው ባይነገር ይሻላል።

ዓርብ ጠዋት ልጅቷ ዓይኗን መግለጥ አቃታት። ሐኪሙ ሁለት መድኃኒት ደርቦ ጀምሮላት ነበር፤ ትክክለኛውን ይሁን አይሁን ገና አያውቅም። እናቷ የአልጋውን ብረት ይዛ ቆማለች፤ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኑን ታያለች። ሚጢጢ በዚያች እናት ፊት ሦስት ጊዜ አልፋለች። በአራተኛው መርማሪዋ አስጠራቻት።

በትንሿ ቢሮ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

«ቀኝ እጅሽን አሳዪኝ።»

ሚጢጢ እጇን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። መርማሪዋ ፕላስተሮቹን ቀስ ብላ ላጠችና ስንጥቁን አየች። ሚጢጢ ከዚያ በላይ አልቻለችም።

«እኔ ነኝ!» አለች እያለቀሰች። «መምህሩን እኔ ነኝ የገደልኳቸው። ‹ጽሕፈትሽ የዶሮ ጫር ይመስላል› እያሉ ያሾፉብኝ ነበር፣ መስመር አስምረው ያስለማምዱኝ ነበር። እጄን ደብቄ ገደልኳቸው። አሁን ደግሞ ልጅቷን…»

«ማልቀሱን ቆይተሽ ትደርሺበታለሽ። የግድግዳውን ጄል ስትቀቢ ያቃጥልሻል?»

«እንደ እሳት።»

«ስክሪኑን ስትጠርጊስ? በባዶ እጅሽ ነው?»

«አዎ፣ ጨርቁን አርሼ… እሱ እንኳ አያቃጥልም። ቀዝቀዝ ነው የሚያደርገኝ።»

መርማሪዋ የተባለውን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችና አሰመረችበት።

«ስለ እጅሽ የሚያውቅ ማን ነው?»

«ማንም።»

«ፕላስተሩን ማን ቆረጠልሽ? ቀኝ እጁ የቆሰለ ሰው በግራው እንዲህ አሳምሮ ክብ መቁረጥ አይችልም።»

ሚጢጢ ከንፈሯን ነከሰች። የሸፈኗትን ሴት ልታጋልጥ? ብትባረርም ብትታሰርም ያን አታደርገውም። «ረሳሁት» አለች። «እርስዎስ እንዴት አወቁ?»

«ሰው ጠቆመኝ። ዐሥር ሰዓት ላይ የነርሶች ምሳ ክፍል ትመጫለሽ።»

ከዚያ እስከ ዐሥር ሰዓት የነበሩት ሰዓቶች ለሚጢጢ አንድ ዓመት ሆኑባት። ማን ይሆን ያየኝ? ሐኪሙ ይሆን? ጓንት ስቀይር? አንዴ ሲስተር ዘንድ ሄዳ «ታውቆብኛል» አለቻቸው። ሲስተር ትከሻዋን ያዙ። «አይዞሽ፤ ወጣት ነሽ» አሉ። እጃቸው በረዶ ነበር።

በምሳ ክፍሉ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ አምስት ሰዎች ተቀመጡ፤ ሲስተር፣ ሐኪሙ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የመምህሩ ልጅ፣ ሚጢጢ። በሩ ሲዘጋ የመምህሩ ልጅ ደንገጥ ብሎ ዞረ። መርማሪዋ አሁንም አልተቀመጠችም።

«ስክሪኑ ነው መጀመሪያ የገረመኝ» አለች። «በሌላው ክፍል ያሉት በሁለት ዓመት ውስጥ ጭጋግ ለብሰዋል። አልኮል በየቀኑ ሲታሽባቸው ሽፋናቸውን እየበላው ነው። የዚህ ክፍል ስክሪን ከሁሉም አብዝቶ ይጠረጋል፤ ከሁሉም አብልጦ ያበራል። ይህ ለምን ይሆናል?»

መርማሪዋ ጠረጴዛውን አንድ ዙር ዞረች።

«እናንተ ከማክሰኞ ጀምሮ እጅ ነው የምትፈልጉት። እኔም እጅ ፈለግሁ። ባክቴሪያው ከጣት የመጣ ቢሆን ጣት የሚበዛበት የስክሪኑ መሃል ላይ ይበዛል፣ ማዕዘኖቹ ላይ ይሳሳል። እኔ ግን ማዕዘኖቹ ላይም ያገኘሁት እኩል ነው። ጣት የማይደርስበት ማዕዘን የሚደርስ ምንድን ነው?»

«ጨርቅ ነዋ» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ። ሁሉም ወደ እሷ ሲዞሩ አፈረች። «እኔ ስወለውል ማዕዘን አልተውም፤ ማዕዘን ላይ የሚረግጥ ሰው ግን የለም። እዚያ ያለው እድፍ የእግር ሳይሆን የመወልወያው ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ከተማርኩት ይህ ይበልጣል» አለች መርማሪዋ። ሁለት ሳህኖች ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይህኛው ሚጢጢ ስክሪኑን ከመጥረጓ በፊት የተነሣ ነው። ቆጥሬዋለሁ፤ አሥራ አንድ ነጥብ። ይህኛው ከጠረገችው በኋላ ነው።»

ሁለተኛው ሳህን መቁጠር የሚቻል አልነበረም። ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ለብሷል። የመምህሩ ልጅ ወንበሩን ወደ ኋላ ሸሸው።

«በጠረጋችሁት ቁጥር ነበር የምትበክሉት» አለች መርማሪዋ። «ንጹሕ ነው ብላችሁ ስላመናችሁት ደግሞ ጓንት አልቀየራችሁም። ጭጋግ የለበሰውን ስክሪን የማያምነው ክፍል ሕመምተኛ አልሞተበትም።»

«አልኮል ላይ ባክቴሪያ አይበቅልም እኮ!» አለ ሐኪሙ።

«አይበቅልም። አልኮል ደግሞ ስልሳ እስኪቆጠር አይቆይም፤ ብን ብሎ ይጠፋል። ቢሆንም ጠርሙሱ ላይ ‹አልኮል› ይላል፤ ጥርጣሬ ብቻ በቂ አልነበረም። ያረጋገጠችልኝ ይቺ ልጅ ናት።» ወደ ሚጢጢ አመለከተች። «እጇ ቆስሏል። የግድግዳው ጄል ያንገበግባታል። በጠርሙሱ ያለው ግን ያቀዘቅዛታል። በተሰነጠቀ እጅ ላይ አልኮል ፈስሶ የማያቃጥለው ሰው የለም። ወዲያው ላቦራቶሪው ከጠርሙሱ ያለውን አስቀድሞ እንዲያይልኝ አደረግሁ። ውኃ ነው፤ ትንሽ የወለል መድኃኒት ጠብ ያለበት። ባክቴሪያውን ለመግደል ያነሰ፣ እዚያው እንዲለማመድ ግን የበቃ። የመምህሩ ደም ውስጥ የተገኘው ይኸው ነው። የልጅቷም።»

ሚጢጢ የሰማችው ሁሉ ቀስ እያለ ነበር የሚገባት። «እንግዲያ የእኔ እጅ…»

«ከእጅሽ የመጣ ባክቴሪያ ትናንት በነካሽው ጠርሙስ ውጪ ላይም፣ ዛሬ በላጥሁት ፕላስተር ላይም በማይክሮስኮፕ ፈለግሁ፤ የለም። የራስሽ ቁስል ንጹሕ ነው። ደብቀሽ መሥራትሽ ጥፋት ነው፤ ትጠየቂበታለሽ። ሰው ግን አልገደልሽም።»

በጠረጴዛው ዙሪያ ሁሉም ሰው ትንፋሽ አወጣ። ሐኪሙ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የመምህሩ ልጅ ለጽዳት ሠራተኛዋ አንድ ነገር ሊላት ፈልጎ ሳይሆንለት ቀረ፤ እሷ ጉልበቱን መታ መታ አደረገችው። ሚጢጢን ደግሞ ደስታ ወረራት፤ ወዲያው ሰው ሞቶ ደስ ስላላት አፈረች። ስለዚህ ሲስተር አለመተንፈሳቸውን ያስተዋለችው ዘግይታ ነው።

«ጠርሙሱን የሚሞላው ማን ነው?» አለች መርማሪዋ። አንድ ትንሽ ላስቲክ ከረጢት አወጣች። ውስጡ ተደራርቦ የተላጠ ፕላስተር አለ። «በየሰኞው ቀን እየተጻፈ የሚለጠፍ ነው። አንዱን ሳነሣ ከሥሩ ሌላ አገኘሁ፣ ከዚያም ሥር ሌላ። አሥራ አራት። ጠርሙሱ አንዴ እንኳ ታጥቦ ቢሆን የታችኞቹ ይለቁ ነበር። አሥራ አራት ሳምንት ሙሉ ሳይታጠብ፣ በተረፈው ላይ እየተጨመረ ኖሯል። እስቲ ተቀባበሉትና እዩት።»

ከረጢቱ ሚጢጢ ዘንድ ደረሰ። አየችው። የአሥራ አራቱም ፕላስተሮች ጫፍ ክብ ነው።

ቀና አላለችም። ቀና ብትል የማንን ፊት እንደምታይ አውቃዋለች።

«ዛሬ ጠዋት ደግሞ እዚህ በተሰጠኝ ቢሮ በር ሥር ስም የሌለው ወረቀት ገብቶ አገኘሁ» አለች መርማሪዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «‹የትንሿን ነርስ ቀኝ እጅ ይመልከቱ› ይላል። ይህን የጻፈ ሰው ስለ እጇ የሚያውቅ መሆን አለበት። እሷን ስጠይቃት ‹ማንም አያውቅም› አለችኝ። ማንን ለመሸፈን እንደዋሸች ያወቅሁት ፕላስተሩን ሳይ ነው። ያ ወረቀት ባይጻፍ ኖሮ ጄሉ ያቃጥላት እንደሆነ ልጠይቃት አልችልም ነበር።»

ከኮሪደሩ የአንድ ጋሪ መንኮራኩር ሲንቋቋ ይሰማል።

«ሲስተር?» አለች ሚጢጢ። ድምፅዋ የሕፃን ሆነ። «እርስዎ አይደሉም፣ አይደል?»

ሲስተር እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ሁለተኛ አንድ ቁጥር እንዳይሳሳት ብዬ ነው» አሉ። «ለሰው ብዬ ነው የጀመርኩት። የፊተኛዋን ስክሪን አልኮል በልቷት ነበር፤ ይቺን ከመጣች ጀምሮ በውኃ ነው ያስጠረግኋት። ውኃውን አፈላው ነበር፣ መድኃኒት ጠብ አደርግበት ነበር። ይበቃዋል ብዬ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው እጅ ያስታጠብኩ ሰው ጠርሙስ ማጠብ ረሳሁ።»

«ወረቀቱስ?»

«አንቺ ወጣት ነሽ፣ ልጄ። ይቅር ይሉሻል ብዬ ነው። ስድስት ወር ቢያግዱሽ ነው። እኔን ግን…» ሊጨርሱት አልቻሉም።

ሚጢጢ ያኔ ተናደደች። ዕድሜ ልኳን እንዲህ ተናዳ አታውቅም። «እኔ እኮ ታስሬም ቢሆን ስምዎን ላልጠራ ነበር!» አለች።

«አንድ ነገር ቀረኝ» አለች መርማሪዋ። «ጠርሙሱን መቼ ነው የጠረጠሩት?»

«ማክሰኞ» አሉ ሲስተር። «ወረቀቱ ላይ ‹ውኃ› የሚለውን ሳነብ።»

«ረቡዕ ጠዋት የልጅቷ ፋሻ ከመቀየሩ በፊት ስክሪኑን ማን ጠረገው?»

ይህን የመለሰችው ሚጢጢ ናት። ረቡዕ ጠዋት ዓይኗ ላይ ድቅን አለ። ጠርሙሱን ስታወርድ ሲስተር ከኋላዋ ቆመው ነበር። አይተዋታል። ጨርቁን ስታርስ አይተዋታል። አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ከዚያ ዘጉት።

«እኔ ነኝ የጠረግሁት» አለች። «ሲስተር አጠገቤ ነበሩ።»

«ጠርሙሱን ባነሣው ሰው ለምን አነሣሽ ይለኛል ብዬ ፈራሁ» አሉ ሲስተር። «ለአንድ ቀን ብቻ ምንም አይሆንም ብዬ…» ከዚያ በኋላ ያሉትን ማንም አልሰማም፤ እንባቸው ቀደመ። አብሯቸው ያለቀሰ የለም። የመምህሩ ልጅ ተነሥቶ ወጣ።

ሐኪሙ የላቦራቶሪውን ወረቀት ተቀብሎ ወደ አልጋ ሦስት ሮጠ። ባክቴሪያው በየትኛው መድኃኒት እንደሚሞት ተጽፎበታል፤ ከሰጣት ሁለቱ አንዱ ከንቱ ነበር፤ እሱን ለወጠው።

ቅዳሜ ልጅቷ ዓይኗን አልገለጠችም። እሁድ ጠዋት ሙቀቷ ሠላሳ ስምንት ሆነ፣ እኩለ ቀን ላይ ከዚያም ወረደ። ሚጢጢ ከቁስል እንድትርቅ ታዝዛ የእገዳ ደብዳቤዋን ትጠባበቃለች፤ ያም ሆኖ አልጋው ራስጌ ወንበር ስባ ተቀምጣ ነበር፤ ልጅቷ ስትነቃ ያየችው እሷን ነው።

«ውኃ» አለች ልጅቷ። እናቷ አጠጣቻት። ከዚያ ክፍሉን በዓይኗ ዞር ዞር ብላ አየች። «ሲስተር ሳሙናስ?»

እናትየዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሁሉን ነገር ነግረዋት ነበር።

«አትመጣም» አለች ሚጢጢ።

«ነገስ?»

«ነገም አትመጣም።»

«ለምን? አሟት ነው?»

ሚጢጢ ልትዋሽ አሰበች። የሚቀልለው እሱ ነበር። «ጥፋት አጠፋች» አለች። «ጥፋቷን ስታውቅ ደግሞ ለመናገር ፈራች። አንቺ የታመምሽው ለዚያ ነው።»

ልጅቷ በፋሻ የተጠቀለለ ክንዷን አየች። «እኔ ክንዴን የተቃጠልኩ ቀን ለእማዬ ለመናገር ፈርቼ ነበር» አለች። «ግን በጣም ሲያመኝ ነገርኳት።»

እናትየዋ ከመስኮቱ ሳትዞር አፍንጫዋን ጠረገች። ሚጢጢ የልጅቷን ብርድ ልብስ አስተካክላ ሙቀቷን እንደገና ለካች።